ከመኪናው በር እስከ ጀልባው

ልሳነወርቅ ብሎ ስም ያወጣልኝ አባቴ ነው። የቅኔ መምህር ነበርና ከልጁ አፍ ወርቅ እንዲወጣ ተመኘ። ምን እንደወጣ የሰሙት የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ግን ሌላ ስም አወጡልኝ፤ «መቅድም» አሉኝ። ፊት ለፊት «ጋሼ ልሳነ» ይሉኛል፤ ፊቴን ሳዞር «መቅድም መጣ፣ ወንበር ፈልጉ» ይባባላሉ። አልተቀየምኋቸውም። ወንበር እንደሚያስፈልጋቸው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እናንተም አንባቢዎቼ ወንበር ካላችሁ ተቀመጡ፤ የማጫውታችሁ ይህ ምላሴ ስላየው ፈተና ነው።

በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ላይ፣ በጣና ሐይቅ ሰውና ዕቃ በሚያመላልስ መሥሪያ ቤት የስምሪት ኃላፊ ነበርሁ። የትኛዋ ጀልባ መቼ እንደምትወጣ፣ ማን እንደሚነዳት፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሣ ማን ገብቶ ማን እንደቀረ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ለጡረታ ጥቂት ነው የቀረኝ። ጸጉሬ ነጥቷል፣ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፤ ምላሴ ብቻ ገና ጎረምሳ ነው።

አንድ ቀን የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ስልክ ደውለው «የዘጌዋ ጀልባ ገባች?» አሉኝ። «ገብታለች» ብል አንድ ቃል ነበር። እኔ ግን ከንጋቱ ንፋስ ተነሣሁ፤ በእምቦጭ አረሙ መካከል አለፍሁ፤ ሞተሩ ያስነጠሰበትን ቦታ በዝርዝር ገለጽሁ። ጸሐፊያችን እናኑ ገብታ «ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት? ሥራ አስኪያጁ እኮ ከቢሮ ከወጡ ቆዩ» ስትለኝ ገና ዘጌን አልለቀቅሁም ነበር።

ታዲያ አትፍረዱብኝ። በእኛ አገር ለትልቅ ሰው ነገርን እንደ ድንጋይ አይወረውሩበትም። መጀመሪያ ጤናው ይጠየቃል፣ ከዚያ ይመሰገናል፣ ከዚያ ተናጋሪው ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ የነገሩ አመጣጥ ከሥሩ ይነገራል። ፍሬ ነገሩ በመጨረሻ፣ ያውም ሰሚው ራሱ የደረሰበት መስሎት ደስ እንዲለው ተደርጎ፣ ጠጋ ይላል። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሁላችንም እንዲሁ ነበርን። መካኒካችን ጌትነት አንዲት ጀልባ እንደ ታሰረች ማረፊያው ላይ በሰጠመች ጊዜ ለአለቆች ያቀረበው «ጀልባዋ ደህና ናት፤ ብቻ ከታች በኩል ትንሽ ውኃ ነክቷታል» ብሎ ነው። እኔም አጠገቡ ቆሜ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ስል አደነቅሁት።

እንዲህ ባለው ቤት ላይ ነው ወይዘሮ ትርሲት ሥራ አስኪያጅ ሆነው የመጡት። አጠር ያሉ፣ ፈጣን፣ ተቀምጠው የማይታዩ ሴት ናቸው። ቢሯቸው የገባ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ «ምን ላድርግልዎ?» ይላሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ሥራው ስለሚበዛባቸው ነው። እኛ ግን «ምነው እኚህ ሴት፣ የሚነድ ቤት ትተው ነው እንዴ የመጡት?» እያልን እናማቸው ነበር።

አንድ ማክሰኞ እናኑ በሬን ዘግታ ገባች። እናኑ በር ከዘጋች ወሬው ከባድ ነው።

«ጋሼ፣ የቁንዝላ ጀልባ ልትቆም ነው።»

«ተበላሸች?»

«ኧረ ጤነኛ ናት። ለጎብኚ ሊያደርጓት ነው። ሐሙስ የቦርዱ ሰዎች መጥተው በእሷው ገዳማቱን ያያሉ፤ ሲመለሱ ይወስናሉ። ከሰኞ ጀምሮ ቁንዝላ ቀረ ማለት ነው።»

ተቀመጥሁ። ከሐይቁ ማዶ ያለችው ቁንዝላ ማለት ለእኔ ሰይድ ማለት ነው። ሰይድ የእንጨት ጀልባ ሠሪ ነው፤ ከጎረምሳነት ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። ተጣልተን እናውቃለን፣ ተኳርፈን ግን አናውቅም፤ እኔ ዝም ማለት ስለማልችል። ባለፈው ክረምት ሚስቱ ከድጃ በረጠበ ድንጋይ ላይ ተንሸራታ ዳሌዋ ተሰበረ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ብረት አስገብተው ያዙላት፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየመጣች እግሯን እንቅስቃሴ ያሠሯታል። ካቋረጠች እግሯ እንደ ታጠፈ ይቀራል ብለዋታል። አንድ ጊዜ በመኪና ሞክራ ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጩኸቷ ሾፌሩን ሳይቀር አስለቀሰው። ጀልባዋ ግን ታባብላታለች እንጂ አትንጣትም።

ለሰይድ ደወልሁለት። ደንግጦ «እውነት ነው?» ሲለኝ፣ «እኔ እያለሁ?» አልሁት። «ነገ ሴትዮዋ ፊት ቀርቤ እናገራለሁ። መናገር አቅቶኝ ያውቃል?»

«እሱማ አቅቶህ አያውቅም» አለ ሰይድ። ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ነበረበት፤ እኔ ግን ምስጋና መስሎኝ ተቀበልሁት።

ረቡዕ ጠዋት ኮቴን ደርቤ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ገባሁ። ወይዘሮ ትርሲት ቆመው መነጽራቸውን ይወለውላሉ።

«ደህና አደሩ አቶ ልሳነወርቅ። ምን ላድርግልዎ?»

«ክብርት ሥራ አስኪያጅ፣ አስቀድሜ ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን። ይህ መሥሪያ ቤት እርስዎን ካገኘ ወዲህ ያየው ለውጥ...»

«አመሰግናለሁ። ጉዳዩስ?»

«ወደዚያው እየመጣሁ ነው። እኔ በእርስዎ ፊት ለመናገር የምበቃ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ጣና ሐይቅ፣ እንደሚታወቀው፣ ከጥንት ጀምሮ ለዙሪያው ሕዝብ...»

«አቶ ልሳነወርቅ፣ ከጥንት ነው የሚመጡት?»

«በአጭሩ ነው የምለው። እና በጥንት ጊዜ በደንገል ታንኳ...»

ስልካቸው ጮኸ። ጥቂት ሰምተው «መጣሁ» አሉና ቦርሳቸውን አነሡ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የቦርዱን ሰዎች ልቀበል አውሮፕላን ማረፊያ መሄድ አለብኝ። ጥሩ ታሪክ ነው። ሌላ ቀን ይጨርሱልኛል።»

ጥሩ ታሪክ ነው! በሩ ሲዘጋ እኔ ገና ታንኳው ላይ ነበርሁ። ሞተር የሚባል ነገር እስኪፈጠር እንኳ አልደረስሁም።

እናኑ ውጭ ትጠብቀኛለች። «እንዴት ሆነ ጋሼ?»

«መሠረቱን ጥያለሁ።»

«ቁንዝላን አነሡላቸው?»

«...እሱ ጋ አልደረስሁም።»

ጭንቅላቷን ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። እናኑ ደግ ልጅ ናት፤ ትልቅ ሰው አትሰድብም፤ ግድግዳው ግን የሰማውን ያውቃል። ኋላ ላይ ቀና ብላ «ነገ ለቀጠሮ ምንም ጊዜ የላቸውም» አለችኝ። «ጠዋት ወደቡ ላይ ከመኪና ይወርዳሉ፤ በቀጥታ ወደ ጀልባው ነው። ያለዎት ከመኪናው በር እስከ ጀልባው ነው ጋሼ። በዚያች ውስጥ ከነገሯቸው ነገሯቸው።»

እግሬ ወደ ሐይቁ ወሰደኝ። ሰይድ በዚያ ዕለት ከድጃን ይዞ መጥቶ ነበር። እሷ ሆስፒታል ስትታይ እሱ የእንጨት ጀልባዎች ከሚጠገኑበት ዳርቻ ተቀምጦ የወዳጁን ጀልባ ስንጥቅ ይደፍናል። አጠገቡ አንዲት ፔሊካን የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቀች ቆማለች።

«ተናገርህ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ተናገርሁ።»

«ምን አለች?»

«ጥሩ ታሪክ ነው አለች።»

መዶሻውን አስቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። «ከድጃ ዛሬ ጀልባዋ ላይ ሳለን ምን አለችኝ መሰለህ?» አለ። «አያ ልሳነ ካለ ይህች ጀልባ አትቀርም አለችኝ። ሐኪሙም ሌላ ሁለት ወር ከጸናች በእግሯ ትሄዳለች ብሏታል። ይህን ስትነግረኝ እንደ ሙሽራ ነበር የምትስቀው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜዬ የምለው አጣሁ። ሰይድም ይህን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ድምፁን ለወጠ።

«ለመሆኑ አንተ ሽምግልና ስትሄድ እንዲህ ነው የምትናገር?»

ይህን ለማያውቅ ልንገር፤ ሰይድና እኔ በሐይቁ ዙሪያ ስንት የተጣላ አስታርቀናል፣ ለስንት ጎረምሳ ሚስት ጠይቀናል። እኔ ተናጋሪ፣ እሱ ራሱን ነቅናቂ ሆነን።

«ሽምግልና ሌላ ነው» አልሁት።

«የጎረቤትህን ልጅ ልንድር ስንሄድ የልጅቷ አባት በር ላይ ምን አልህ?»

«ምን እላለሁ? ግቡ፣ ተቀመጡ አሉን። የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም አልሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቆሜ፣ ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን መጣን አልሁ።»

«ስለ ጣና ጥንት አወራህ?»

«አብደሃል? የሰው በር ላይ ቆሜ?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እነሱ ይጠይቃሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። ልጁ የማነው ይላሉ፣ እነግራቸዋለሁ። በምን ይተዳደራል ይላሉ፣ እነግራቸዋለሁ።»

«ያልጠየቁህንስ?»

«ያልጠየቁኝን ምን አገባኝ?»

ሰይድ አየኝ። ፔሊካኗም ያየችኝ መሰለኝ።

«አየህ» አለ፣ «ሴትዮዋም በሯ ላይ ነው ያለችው። ቆመህ የመጣህበትን ንገራት። ከዚያ የጠየቀችህን ብቻ መልስላት። እሺ ካለችህ ደግሞ አፍህን ዝጋ። አጎትህን አለቃ ምናሴን ረሳሃቸው?»

እንዴት እረሳለሁ! አጎቴ ለአንድ ዘመዳችን ሚስት ሊጠይቁ ሄደው፣ አባትየው «እሺ፣ ሰጥቻለሁ» ብለው ጠጅ እየተቀዳ፣ ሙሽራውን ጨምረው ለማመስገን ብለው «ልጃችን እኮ የመጀመሪያ ሚስቱን እንኳ አንድ ክፉ ቃል ሳይናገር ነው የፈታት» አሉ። አባትየው ብርሌውን አስቀመጡ። «የመጀመሪያ ሚስት?» አሉ። ሠርጉ በዚያው ቀረ።

ሰይድ ተነሥቶ መዶሻውን እንደ ሴት ቦርሳ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። «እኔ ሴትዮዋ ነኝ» አለ። «ከዚያ ዛፍ ተነሥቼ ወደ ውኃው እሄዳለሁ። ና።»

ተነሣን። «ክብርት ሥራ አስኪያጅ፣ በቅድሚያ...» ስል ሰይድ ፈጠን ፈጠን እያለ ሄዶ ሐይቁ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ። «ጀልባው ላይ ደረስሁ!» አለኝ ከውኃው ውስጥ። ዓሣ አጥማጆቹ ሥራቸውን ትተው ሳቁ።

ደገምን። በዚህ ጊዜ «የቁንዝላ ጀልባ እንዳትቆም እንዲወስኑልኝ ነው የመጣሁት» አልሁ። ሰይድ ቆመ። ቦርሳውን አስተካክሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ጎብኚዎቹንስ ምን እናድርጋቸው?» አለኝ።

ዝም አልሁ። አያችሁልኝ? በዚያ ሁሉ ጥንትና ታንኳ ውስጥ ለዚህች ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ለካ መቅድሙን የማረዝመው ከኋላው ፍሬ ነገር ስለሌለ ነበር! ተቀመጥንና አሰብን። ስምሪቱን የምመራው እኔ አይደለሁ? ጎብኚ የሚጎርፈው ቅዳሜና እሁድ ነው፤ የቁንዝላ ሰው የሚመጣው ደግሞ ሆስፒታልና ገበያ ባለበት በሥራ ቀን። አንዲት ጀልባ ለሁለቱም ትበቃለች። ይህን ስናገኝ ሰይድ ልብሱን እየጨመቀ «በል ይህን አትንገራት፣ ከጠየቀች ነው» አለኝ። ከድጃ ከሆስፒታል በባጃጅ ስትመጣ እንደገና ውኃው ውስጥ ነበር። «ምን ሆናችሁ እናንተ ሽማግሎች?» አለች። «ሥራ ላይ ነን» አልናት።

ሐሙስ ጠዋት ወደቡ ላይ ቀድሜ ደረስሁ። ሐይቁ ገና አልነቃም። ጌትነት ጀልባዋን እየወለወለ «ጋሼ፣ ንግግር አለ እንዴ? ወንበር ላምጣ?» አለኝ።

«አያስፈልግም» አልሁት።

ደንግጦ ጨርቁ ከእጁ ወደቀ።

መኪናው መጣ። ወይዘሮ ትርሲት ወረዱ። ከሌላው በር የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ይስማው ወረዱ፤ ትልቅ፣ ሞገስ ያላቸው፣ የጥንት ጨዋነት ያላቸው ሰው ናቸው። የቀሩት አባላት ከኋላ ናቸው። ከመኪናው እስከ ጀልባው ያለው መንገድ በዛፎቹ ሥር አልፎ በእንጨት መረማመጃው ላይ ያበቃል። ሌላ ጊዜ ጉልበቴን የሚያደክመኝ መንገድ ያን ዕለት የአንድ ክንድ ጨርቅ ያህል አጠረብኝ።

ጠጋ አልሁ። ገና አፌን ሳልከፍት አቶ ይስማው እጄን ያዙኝ።

«እንደምን አደሩ አቶ ልሳነወርቅ! ደህና ከረሙ? ቤተሰቡስ? ልጆቹስ? ጤናዎስ እንዴት ነው?»

ወገኖቼ፣ በእኛ አገር ይህ ሰላምታ በዋዛ አይመለስም። እያንዳንዱ ተመልሶ፣ በፈንታው ደግሞ መጠየቅ አለበት፤ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ከብት ካለ ከብቱ። የአባቴ ልጅ በውስጤ ዘሎ ተነሣ። መረማመጃው ደግሞ እየቀረበ ነው። ወይዘሮ ትርሲት አንድ እግራቸው እንጨቱ ላይ ሊያርፍ ነው። ጌትነት ገመዱን ይዞ ያየኛል። እናኑ ከመኪናው ኋላ ሆና እጇን ታፋትጋለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ። ያችን ብቻ። ከዚያ ዞር ብዬ፣

«ወይዘሮ ትርሲት፣ የቁንዝላ ጀልባ እንዳትቆም እንዲወስኑልኝ ነው የመጣሁት።»

ቆሙ። እኚያ ሴት ሲቆሙ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ለምን?»

«የቁንዝላ በሽተኛ ወደ ሆስፒታል የሚመጣው በእሷ ነው። ስብራት ያለበት ሰው የመኪናውን መንገድ አይችለውም።»

«የሚያውቁት ሰው አለ?»

«አለ። ከድጃ ትባላለች። ዳሌዋ በብረት ተይዟል፤ በየሳምንቱ ትመጣለች። ከቀረች እግሯ ታጥፎ ይቀራል።»

አቶ ይስማው ገቡበት። «ጎብኚዎቹንስ? ጀልባዋ እኮ አንዲት ናት።»

«ቅዳሜና እሁድ ለጎብኚ፣ በሥራ ቀን ለቁንዝላ ትሁን። ጎብኚ የሚበዛው በእነዚያ ቀናት ነው።»

ወይዘሮ ትርሲት መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «የቁንዝላው ጉዞ ነዳጁን ይችላል?»

ይህን ከሰይድ ጋር አልተለማመድነውም። ሰይድ ቦርሳ እንጂ ነዳጅ ትዝ አላለውም። በሌላ ቀን ቢሆን ይህች ጥያቄ ለእኔ ሠርግ ናት፤ ከነዳጅ አመጣጥ ጀምሬ እስኪሰለቹ እዞር ነበር። ምላሴ ተነሣ። ሰይድን በሐሳቤ በውኃው ውስጥ ቆሞ አየሁት። ከድጃን ስትስቅ አየኋት።

«አላውቅም» አልሁ።

ይህን ቃል ለአለቃ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ጣራ ይደረመሳል ብዬ ጠበቅሁ። ጣራ የለም፤ ዛፍ ነበር፤ እሱም አልተነቃነቀም።

«ከገዳማቱ ሳይመለሱ አጣርቼ አሳውቅዎታለሁ።»

ካፒቴኑ ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ ወይዘሮ ትርሲት «እሺ» አሉ። «መልሱን እጠብቃለሁ።»

እሺ! አሁን ነው እንግዲህ እውነተኛው ፈተና። «እሺ» የተባለ ሰው ልቡ ይሞቃል፤ ልቡ የሞቀ ሰው ይናገራል። ስለ ቁንዝላ ሕዝብ ጨዋነት፣ ስለ ሰይድ እጅ ጥበብ፣ ስለዚያ ደግ የደንገል ታንኳ የምለው በጉሮሮዬ ተሰልፎ ቆመ። አጎቴ አለቃ ምናሴ ብርሌ ይዘው ታዩኝ። ምላሴን በጥርሴ ያዝሁ፤ በእውነት ያዝሁ። ጀልባዋ ስትርቅ ጌትነት መጥቶ «ጋሼ፣ ጥርስዎን አመመዎት?» አለኝ።

«ና፣ ነዳጅ እንመርምር» አልሁት።

ከጌትነትና የቁንዝላን መስመር ከሚያውቅ ሌላ ካፒቴን ጋር ተቀምጠን የጉዞውን ነገር አወጣን አወረድን። ባዶ ከተመለሰች ጉዞው ነዳጁን አይችልም፤ የቁንዝላ ዓሣ ነጋዴዎች ቀረሶ ዓሣቸውን ከጫኑባት ግን ይችላል። ነጋዴዎቹም በስልክ «መቼ አስጫናችሁንና!» አሉን። ይህን ለወይዘሮ ትርሲት በስልክ መልእክት ጻፍሁላቸው፦ «ዓሣ ከጫንን ነዳጁን ይችላል። ነጋዴዎቹ ተስማምተዋል።» እናኑ በትከሻዬ በኩል አንብባ «ጋሼ፣ ስልክዎ ተበላሽቶ ነው ወይስ ቀሪው ገና ይመጣል?» አለችኝ።

ከሰዓት ንፋሱ ተነሣ። ሐይቁ ነጭ ነጭ ይል ጀመር። ጀልባዋ ከሩቅ ስትታይ መረማመጃው ላይ ቆሜ ነበር። እናኑ ሻይ ብታመጣልኝ ቀዝቅዞ ቀረ። የጀልባዋን አመጣጥ ስንት ዓመት አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ቀርፋ አታውቅም።

ወይዘሮ ትርሲት ቀድመው ወረዱ። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ፤ ለሁለተኛ ጊዜ።

«በሥራ ቀን ቁንዝላ። ሰኞ ትውጣ። ስምሪቱን ያውጡልኝ።»

«እሺ» አልሁ።

እሳቸው አለፉ። አቶ ይስማው ግን እየሳቁ እጄን ያዙ። «አቶ ልሳነወርቅ፣ ጀልባው ላይ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ነገረን። እኔ ለአባላቱ ደግሜ መንገር የቻልሁት የእርስዎን ብቻ ነው። በአፌ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች እኮ!»

ለሰይድ ደወልሁ። «ሰኞ ትወጣለች» አልሁት።

«ሌላስ?» አለ ፈርቶ።

«ሌላ የለም።»

ሰይድ «አልሐምዱሊላህ!» ሲል ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ከኋላው የከድጃ እልልታ ተሰማኝ፤ ከዚያ የጎረቤቶቿ፤ ከዚያ የማን እንደሆነ የማላውቀው። ጣናን ተሻግሮ በጆሮዬ የገባ እልልታ በዕድሜዬ ያ ብቻ ነው። መረማመጃው ላይ ብቻዬን ቆሜ እስክስታ መታሁ። ጌትነት አይቷል፤ ማንም አላመነውም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆንሁ ብል ባለቤቴ የዝና ትታዘበኛለች። በየሰርጉ፣ በየእድሩ ምላሴ እንደ ጥንቱ ነው። አለቃ ፊት ግን ተለወጥሁ። ወይዘሮ ትርሲት ነገር ሲጠናባቸው «አቶ ልሳነወርቅን ጥሩልኝ» ማለት ጀመሩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ በዩኒቨርሲቲው የፔዳ ግቢ የተማሩ አዳዲስ ሠራተኞች ለስብሰባ ያዘጋጁትን ይዘው እየመጡ ያሰሙኛል። እኔም መዶሻ የለኝም እንጂ እንደ ሰይድ ቆሜ «ምን እንድወስንልህ ነው?» እላለሁ። ብዙዎቹ ይሄኔ ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን እወደዋለሁ፤ የእኔን ያስታውሰኛል። አንድ ሰሞን ይህ አመል ቤቴም ገብቶ ነበር። «ምሳ» ብዬ ስቀመጥ የዝና «እኔ አግብቼሃለሁ እንጂ አልተቀጠርሁልህም! ስለ ንፋሱ አውራልኝ» ብላ መለሰችኝ። ለሚስት መቅድም ይገባል፤ ይህን አደራ ለዩ።

እናንተ አለቃ ያላችሁ ሁሉ፣ ከአንድ ሽማግሌ ስሙ። አለቃችሁ ስለማያከብራችሁ አይደለም የሚቸኩለው። ነገራችሁን እናንተ ወደማትገቡበት ክፍል፣ እናንተን ወደማያውቅ ሰው ዘንድ ተሸክሞ የሚሄደው እሱ ነው። ወይዘሮ ትርሲትና አቶ ይስማው ጀልባዋ ላይ ሲመክሩ እኔ አልነበርሁም፤ ከእኔ የነበረው ያች የያዟት ዓረፍተ ነገር ናት። ታዲያ ያን ሁሉ ጥንትና ታንኳ ሸክፌ ባሸክማቸው እንዴት ይራመዱ ነበር? አባቴ ያስተማረኝ ክብር አልተሻረም። የምወስንልዎ ምንድን ነው ብለው እንዳይለምኑኝ ቀድሜ መንገሬ እሱም ክብር ነው። የማላውቀውን አላውቅም ማለቴም እንዲሁ። እሺ ሲባልም ዝም... በዚህስ እስከ ዛሬ ጥርሴ ያመኛል።

ከዚያች ሐሙስ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት የቁንዝላዋ ጀልባ ስትገባ ወደቡ ላይ ነበርሁ። ዓሣው ወረደ፤ ሰዉ ወረደ። በመጨረሻ ከድጃ ብቅ አለች። ሰይድ ክንዷን ሊይዝ ሲል እጁን ገፋ አድርጋ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ መረማመጃውን በራሷ እግር ወረደችው። ትንሽ ታነክሳለች፤ ግን ትሄዳለች። ዓይኔ እንባ ሞላ። ይህን የመሰለ ቀን ያለ ንግግር አይታለፍምና ኮቴን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ከድጃ ሆይ፣ ዛሬ በዚህ በጣና ዳርቻ፣ ከጥንት ጀምሮ...»

«አያ ልሳነ» አለችኝ ሳትቆም፣ እየሳቀች፣ «አሳጥረው። ሐኪሙ ይጠብቀኛል።»

አለፈችኝና ወደ ከተማው ሄደች፤ በእግሯ።